የገጠሩ ጭሰኛ ገዛ፣ የከተማው ተከራይ ቀረ፦ ለአየርላንድ ምክር ቤት አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለአየርላንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት (ዶይል) አባላት
ሌንስተር ሃውስ፣ ኪልዴር ስትሪት፣ ደብሊን 2

ጉዳዩ፦ አከራይ ቤቱን ሲሸጥ ተከራዩ ቀድሞ የሚገዛበትን መብትና ብድር ስለማመቻቸት

ክቡራን የምክር ቤቱ አባላት፣

በደብሊን ሰሜናዊ ክፍል ተከራይቼ የምኖር፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምሠራ፣ ዜግነታችሁን ወስጄ በምርጫ ድምፅ የምሰጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ነኝ። በቅርቡ አከራዬ ቤቱን ሊሸጠው መሆኑን ገልጾ የመልቀቂያ ማስታወቂያ ሰጥቶኛል። ወረቀቱ ሕጉ እንደሚያዘው የተጻፈ ነው። ሊሸጥ እንዳሰበ የማለበት ቃል ተያይዟል፣ የምለቅበት ቀን ሰፍሯል፣ ቅጂውም ለመኖሪያ ኪራይ ቦርድ ተልኳል። በሰውየው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቧንቧ ሲፈነዳ በማግሥቱ ይመጣ ነበር፤ ኪራይ ሲጨምርም ሕጉ ከፈቀደው አላለፈም። አሁን አርጅቷል፣ ገንዘቡን ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ቤቱን እፈልጋለሁ፤ ልጄ የተወለደው እዚህ ነው፣ ትምህርት ቤቱም በእግር የሚደረስ ነው። መሸጥ የሚፈልግ እና መግዛት የሚፈልግ ሰው ተገናኝተው ሳለ ሕጋችሁ የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ዕቃዬን ጠቅልዬ እወጣለሁ፣ ቤቱም ባዶውን ለሌላ ይሸጣል።

የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ቅጂ ለየቢሯችሁ ልኬዋለሁ። በአማርኛ የማወጣው ይኸው ዓይነት ወረቀት ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በራቸው ሥር የሚገባባቸው ሀበሾች ስላሉ ነው። ስለዚህ እናንተ በትምህርት ቤት ተምራችሁ ያደጋችሁትን ታሪክ ለእነሱ ስል ዘርዘር ሳደርገው አይሰልቻችሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ቤት ኪራይ ስትከራከሩ ስሰማችሁ እናንተም የረሳችሁት ይመስለኛል። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የራሳችንን አቆጣጠር የተጠቀምኩበት ቦታ ሲኖር እናገራለሁ።

ቶማስ ዊሊያም ራስል የሚባል የፓርላማ አባል ነበር። ዛሬ ስሙን የሚያነሣ ብዙ ሰው የለም። ስኮትላንዳዊ ነው፤ በ1841 በፋይፍ ተወልዶ በወጣትነቱ በሰሜን አየርላንድ ወዳለው የታይሮን አውራጃ መጣና እዚያው ኑሮውን መሠረተ። መጤ ነበር ማለት ነው፣ እንደ እኔ። አየርላንድ ያኔ ከለንደን ትገዛ ስለነበር በ1886 የደቡብ ታይሮን መራጮች ለንደን ፓርላማ ላኩት። የአየርላንድን ራስ ገዝ አስተዳደር አጥብቆ የሚቃወም፣ የአልኮል መጠጥን ደግሞ ከዚያ በባሰ የሚቃወም ሰው ነበር፤ ጎረቤቴ ቢሆን ብዙ የምንስማማ አይመስለኝም። ከ1895 ጀምሮ በመንግሥቱ ውስጥ ሹመት ነበረው። የመረጡት ግን አብዛኞቹ የሰው መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ ፕሮቴስታንትም ቢሆኑ፣ ለንጉሣዊው መንግሥት ታማኝም ቢሆኑ ጭሰኞች ናቸው።

ይህ ሰው በ1900 በታይሮን ክሎኸር ላይ ለመራጮቹ ተናገረ። ባለመሬቶቹ በሕግ ተገድደው መሬቱን ለሚያርሱት ይሽጡ አለ። የራሱን ወገን ነው የነካው። በዚያው ዓመት ሹመቱ ቀረ። ብዙ ሰው ሹመቱን ሲያጣ ዝም ይላል፤ ራስል ግን የራሱ ወገን በሚያሸንፍባቸው ወረዳዎች ለጭሰኛ የሚከራከሩ ዕጩዎችን እየደገፈ ዞረ። በ1902 በምሥራቅ ዳውን፣ በ1903 በሰሜን ፈርማናህ እሱ የደገፋቸው ሰዎች የማሟያ ምርጫውን አሸነፉ።

ስለ ራስል የማነሣው ሐውልት እንድታቆሙለት አይደለም። በየፓርቲያችሁ ውስጥ፣ በተለይም በመንግሥት ወንበር በኩል፣ የተከራይ ጥያቄ የተቃዋሚ ጥያቄ ብቻ እንደሆነ የምታስቡ አባላት ስላላችሁ ነው። ያኔም እንደዚያ ይታሰብ ነበር። የጭሰኛ ነገር የፓርኔልና የዴቪት፣ የብሔርተኞቹ፣ የ1879ኙ የመሬት ሊግ ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። የሊጉ ጥያቄ ሦስት ነበር፤ ኪራይ ተመጣጣኝ ይሁን፣ ኪራዩን የሚከፍል ሰው አይነቀል፣ ሲለቅም በመሬቱ ላይ ያለውን መብት ሸጦ ይውጣ። የ1881ዱ ሕግ ሦስቱንም በመርህ ተቀበለ፤ ኪራይ የሚወስንም የመሬት ኮሚሽን አቋቋመ። ይሁን እንጂ ሕጉ ከወጣም በኋላ ፖሊስ ከፊት፣ ምሰሶ የተሸከሙ ሰዎች ከኋላ ሆነው የጭሰኛውን ግድግዳ እየደረመሱ ማስወጣቱ በ1880ዎቹ ሁሉ ቀጠለ። ኪራይ መቆጣጠር ብቻውን ጠቡን አልጨረሰውም። የጨረሰው ሽያጩ ነው።

ሽያጩ እንዴት መጣ? በሴፕቴምበር 1902 ካፒቴን ጆን ሾው ቴይለር የተባለ የጎልዌይ ባለመሬት፣ ማንም ሳይልከው፣ በጋዜጣ ላይ ግልጽ ደብዳቤ አወጣ። የባለመሬቶችና የጭሰኞች ተወካዮች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ አለ፤ የሚጋበዙትንም በስም ጠራቸው። ታላላቆቹ ባለመሬቶች ፊታቸውን አዞሩ። የአየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ዊንደም ግን ሐሳቡን ደገፈው። በዲሴምበር ስምንት ሰዎች በማንሽን ሃውስ ተቀመጡ፤ ከእናንተ ሕንጻ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ከባለመሬቶቹ በኩል አራት ነበሩ፣ ሎርድ ደንሬቨን እየሰበሰባቸው። ከጭሰኞቹ በኩል ጆን ሬድመንድ፣ ዊሊያም ኦብራየን፣ የደብሊን ከንቲባ የነበረው ቲሞቲ ሃሪንግተን እና ያ የራስ ገዝ ጠላት ራስል። በአገሪቱ ዕጣ ፈንታ ላይ አንድም ቀን የማይስማሙ ሰዎች በመሬት ጉዳይ ተስማሙ፣ ሪፖርታቸውም በጃንዋሪ መጀመሪያ ታተመ። ገናን ጨምሮ ማለት ነው! በዚያው በ1903 ሕግ ሆኖ ጸደቀ። አንድ የቤቶች ረቂቅ በኮሚቴዎቻችሁ ምን ያህል እንደሚከርም ለምናውቅ ተከራዮች ይህ ተረት ይመስላል።

አሁን ወደ ሕጉ አሠራር ልግባ፤ የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው።

በ1903ቱ ሕግ ጭሰኛው ከኪሱ ቅድመ ክፍያ አያወጣም። መንግሥት ሙሉውን ዋጋ ለባለመሬቱ ይከፍላል፤ ጭሰኛው ለመንግሥት በየዓመቱ የብድሩን ከመቶ 3.25 እየከፈለ በ68 ዓመት ተኩል ይጨርሳል። ዓመታዊ ክፍያው ደግሞ ቀድሞ ይከፍለው ከነበረው ኪራይ እንዲያንስ ተደርጎ ተሠራ፤ ኪራዩ በፍርድ በተወሰነበት ዘመን መሠረት ከመቶ ከ10 እስከ 40 ቀንሶ። ባለመሬቱ ርስቱን ጠቅልሎ ሲሸጥ፣ ከዋጋው በላይ ከመቶ 12 ጉርሻ ከመንግሥት ካዝና ያገኛል። ገዢው ተከራይ ሳለ ከሚከፍለው ያነሰ ይከፍላል፣ ሻጩ በሌላ መንገድ ከሚያገኘው የበለጠ ይወስዳል፣ ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍናል። ማንም ተሸናፊ ሆኖ ስላልወጣ ሁለቱም ወገን ፈረመ።

ከመጀመሪያዎቹ ትላልቅ ሻጮች አንዱ ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? የሌንስተር መስፍን ቤተሰብ፣ በኪልዴር የነበረውን ሰፊ ርስቱን። የምትሰበሰቡበትን ሕንጻ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የዚያ ቤተሰብ አባቶች ናቸው። አፈ ጉባኤው ደወል ሲደውሉ የምትገቡበት ሕንጻ የባላባት ቤት ነበር።

ከዚያ በፊት የተሞከረው ለምን እንዳልሠራም መታወቅ አለበት። በ1870 የወጣው ሕግ መግዛት ለሚፈልግ ጭሰኛ ከዋጋው ሁለት ሦስተኛውን ያበድር ነበር፤ የ1881ዱ ሦስት አራተኛውን። በሁለቱም ሕጎች የገዛው ሰው እያንዳንዱ ላይ ሺህ እንኳ አልሞላም። ኪራይ የሚከፍል ሰው የቀረውን አንድ ሦስተኛ ወይም አንድ አራተኛ ከየት ያምጣ? በ1885 የአሽበርን ሕግ ሙሉውን ዋጋ ማበደር ሲጀምር፣ በ49 ዓመት የሚከፈል በዓመት ከመቶ 4፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ25,000 የማያንስ ጭሰኛ ገዛ። መሬቱ ያው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ነገር ቢኖር ቅድመ ክፍያው መነሣቱ ነው።

እስቲ ይህን ከዛሬው ጋር አስተያዩት። እኔ ዛሬ ባንክ ብሄድ፣ የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ ሰው የተቀመጠው ደንብ ከዋጋው ከመቶ 10 በእጄ እንዲኖር፣ ብድሩም በጥቅሉ ከዓመት ገቢዬ አራት እጥፍ እንዳይበልጥ ነው። በየወሩ ሳላጓድል የከፈልኩት ኪራይ ቅድመ ክፍያ ሆኖ አይቆጠርልኝም። ያንን ኪራይ እየከፈልኩ ከመቶ 10 ማጠራቀም አልችልም፤ ከመቶ 10 ካላጠራቀምኩ ደግሞ ኪራይ መክፈሌን አላቆምም። የ1870 ጭሰኛ የቆመበት ቦታ ላይ ነው ያለሁት። እናንተም የ1870 መልስ ነው የያዛችሁት።

ጭሰኞቹ ብድሩን አይከፍሉም ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ከፈሉ። በ1932 የመንግሥታችሁ መሪ ዴ ቫሌራ ዓመታዊውን ገንዘብ ለለንደን አላስተላልፍም ብሎ እስከ 1938 የዘለቀ የንግድ ጠብ መነሣቱ እውነት ነው፤ ያ ግን በሁለት መንግሥታት መካከል የተነሣ ክርክር ነበር እንጂ ገበሬው ዕዳውን ክዶ አይደለም። በነጻነቱ ዋዜማ ከ300,000 በላይ ጭሰኞች በእነዚህ ሕጎች ባለመሬት ሆነው ነበር። በ1870 ገደማ ከመቶ ገበሬ 3ቱ ብቻ ነበር በራሱ መሬት የሚያርሰው። የቀረውን ደግሞ በ1923 የራሳችሁ አዲስ መንግሥት በፓትሪክ ሆገን ሕግ፣ ባለመሬቱ ወደደም ጠላም፣ ገዝቶ አከፋፈለ። ራስል ክሎኸር ላይ የጠየቀው ግዴታ ከ23 ዓመት በኋላ፣ እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ደብሊን ላይ ሕግ ሆነ።

የ1903ቱን ሕግ የጠሉትም ነበሩ፤ አንደኛው ማይክል ዴቪት ነው። በአራት ዓመቱ ከነቤተሰቡ ከሜዮ ቤታቸው ተባርሮ በላንክሻየር ያደገ፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ የጥጥ ፋብሪካ ማሽን ቀኝ እጁን የበላበት ሰው ነው። ባባረሩት ወገን ላይ ጉርሻ ሲጨመር ማየት አንገበገበው። ዋጋው በዛ አለ፤ ሌላው ብሔርተኛ ጆን ዲሎንም እንደዚሁ። ዋጋውን በተመለከተ እውነት ነበራቸው፤ ሕጉ ከወጣ በኋላ የመሬት ዋጋ ወጥቷል። ዴቪት ግን ከዚያም ይሄድ ነበር፤ መሬት የግለሰብ መሆኑ ይቅር፣ የሕዝብ ይሁን ባይ ነበር።

በዚህ ላይ የምለው አለኝ። እኔ በመጣሁበት አገር የተደረገው ለዴቪት ሐሳብ ይቀርባል። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1967፣ ጭሰኝነት በአንድ አዋጅ ቀረ። ለባለርስቱ የመሬት ካሣ አልተከፈለም። ለጭሰኛውም የባለቤትነት ወረቀት አልተሰጠም፤ መሬቱ የሕዝብ ተባለ፣ አዛዡ መንግሥት ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ያደግሁት ከዚያ በመጣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ኪራዩ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም፤ ጣራው ሲያፈስ ግን የሚጠግነው የለም፣ በራሳችን ወጪ ለመጠገንም ፈቃድ ለማግኘት ቀበሌ መመላለስ ነበረብን። እናቴ የዝናብ ማጠራቀሚያ ባልዲዎቿን የምታስቀምጥበትን ቦታ በቃሏ ታውቀው ነበር። ስለዚህ የአከራዬን ቤት ውረሱልኝ ብዬ አልመጣሁም። ይከፈለው። ጉርሻም ጨምሩለት።

ከተማው ለምን ቀረ የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ገበሬው ሲገዛ የከተማ ተከራይም ጠይቆ ነበር። የከተማ ተከራዮች ማኅበር አቋቁሞ፣ ዊሊያም ማክኪሎፕ የተባለ የፓርላማ አባል በራሱ ተነሣሽነት ረቂቅ አቅርቦ፣ በ1906 የከተማ ተከራዮች ሕግ ወጣ። ተከራዩ ላሻሻለው ነገርና ያለ በቂ ምክንያት ለመባረሩ ካሣ የሚያስገኝ ሕግ ነው፤ የሚጠቅመውም በዋናነት ባለሱቁን ነበር። መግዛት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 1913፣ ቸርች ስትሪት ላይ ድሆች የተከራዩባቸው ቤቶች ተደርምሰው ሰባት ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ በደብሊን 20,000 ያህል ቤተሰብ እያንዳንዱ በአንድ ክፍል ውስጥ እንደሚኖር ጻፈ። ሄንሪየታ ስትሪት ቁጥር 14 ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ለአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ተብሎ በተሠራው በዚያ ቤት በ1911 ቆጠራ 100 ሰው ነበረበት። ያው ምርመራ ሌላም ነገር አወጣ፤ ከከተማው ምክር ቤት አባላት መካከል የእነዚህ ቤቶች ባለንብረቶች ነበሩበት። የእናንተም የጥቅም ምዝገባ መዝገብ በየዓመቱ ይታተማል፤ ማን ስንት ቤት እንደሚያከራይ የፈለገ ሰው ያነበዋል። አከራይ የሆነ ሰው ሕግ አያውጣ አልልም። ሾው ቴይለርም ባለመሬት ነበር።

ተከራይ ቤቱን ይግዛ የሚለው ሐሳብ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በ1936 የገጠር ሠራተኛው የወረዳውን ጎጆ እንዲገዛ ተፈቀደ፣ ከ1966ቱ የቤቶች ሕግ ጀምሮ በከተማም የመንግሥት ቤት ተከራይ በቅናሽ ገዛ። አንድ ሰው ብቻ ከዚህ ሁሉ ውጭ ቀረ፤ ከግለሰብ የተከራየ የከተማ ሰው። የነበረውን የኪራይ ቁጥጥር እንኳ በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የባለንብረቱን መብት ይነካል ብሎ ሻረው። ከዚያ ወዲህ ስለ ተከራይ በተነሣ ቁጥር የሕገ መንግሥታችሁ አንቀጽ 43 ይጠቀስብናል። አንቀጹን ሙሉውን አንብቤዋለሁ። የግል ንብረትን መብት ያከብራል፤ ቀጥሎም ይህ መብት በማኅበራዊ ፍትሕ መርሆች መገራት እንዳለበትና መንግሥት ለጋራ ጥቅም ሲል ሊገድበው እንደሚችል ይናገራል። ከዚያ ሕገ መንግሥት በኋላም የመሬት ኮሚሽኑ እስከ 1999 ነበረ፣ ለብዙ ዓመታትም መሬት እየገዛ አከፋፍሏል። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ሊሸጥ ከፈለገ ሰው ላይ በገበያ ዋጋ መግዛት የማንን መብት ይነካል?

አሁን የተሠራውን አልክድም። ቤት ማስለቀቅን የሚያግደው ሕግ ማርች 31 ቀን 2023 ሲያበቃ፣ የአካባቢ ምክር ቤቶች ተከራይ ያለበትን ቤት እንዲገዙ የሚያስችለውን አሠራር አስፋፍታችኋል። ገቢው ለመንግሥት ቤት ከሚፈቀደው በላይ ለሆነም ሌላ መንገድ ተከፈተ። በዚያው ዓመት መንግሥት አከራይ ሲሸጥ ተከራዩ ቀድሞ እንዲጠየቅ የሚያደርግ ረቂቅ ሐሳብ አዘጋጅቶ ነበር፤ እኔ ማስታወቂያዬን ስቀበል ግን እንዲህ ያለ መብት በእጄ አልነበረም። የምክር ቤቶቹ መግዣም በ2025 በጀቱ ጠበበ። ከማርች 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚጀመሩ ኪራዮች የስድስት ዓመት ዋስትና ተሰጠ፤ ከዚያ ቀን በፊት የተከራየ ሰው ግን የቀድሞው ደንብ ይዞት ይቀራል። የእኔ ደንብ ያ ነው። እንደ እኔ ከአንድ እስከ ሰባት ዓመት ለኖረ ሰው የተሰጠው ጊዜ 180 ቀን ነው።

በ180 ቀን ውስጥ ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ቤት ለማየት ከተሰለፋችሁ ቆይታችኋል ብዬ ነው። ከሥራ በኋላ የማለዳውን የሥራ ልብስ ሳልቀይር እሄዳለሁ። በእጄ ፋይል አለ፤ የደመወዝ ወረቀት፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የቀድሞ አከራይ ምስክርነት፣ የባንክ ሰነድ። ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ ጥጉን ይዞራል። ሁሉም እንደ እኔ ፋይል ይዟል፤ ባልና ሚስት የሆኑት ደመወዛቸው ሁለት ነው፣ እኔን ይቀድሙኛል። አስተናጋጁ የቤት ደላላ ጫማ አስወልቆ አምስት አምስት እያደረገ ያስገባል። ሁለት ደቂቃ፤ ወጥ ቤቱን አይቶ፣ መታጠቢያውን አይቶ፣ «እንደውልላችኋለን»። አይደውሉም። አንዱን ቤት ያየሁት ከፓርኔል ስትሪት ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ያ መንገድ የመሬት ሊጉ ሊቀ መንበር ስም ያለበት፣ የእኛ የመጤዎቹ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት ነው። ተከራይ ለመሆን የሚለምኑት ሰዎች ሰልፍ በፓርኔል ስም አጠገብ መቆሙን ሰው ልብ አላለውም፣ ሁሉም ስልኩን እያየ ነበር።

ቤት ያላገኘው ደግሞ የት እንደሚሄድ የራሳችሁ ሚኒስቴር በየወሩ ያወጣል። በ2025 መጀመሪያ በጊዜያዊ መጠለያ የነበረው ሰው ከ15,000 በላይ ነበር፣ ከእነሱም ከ4,000 በላዩ ሕጻናት። መንግሥት ለሆቴልና ለእንግዳ ማረፊያ አልጋ የሚከፍለው ገንዘብ ማንንም ባለቤት አያደርግም፤ የ1903ቱ ጉርሻ ቢያንስ አንድ ቤተሰብ በቤቱ እንዲቀር አድርጓል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። አከራይ ሊሸጥ ሲል ማስታወቂያው መጀመሪያ «ትገዛለህ ወይ?» የሚል ይሁን፤ ተከራዩ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ይኑረው፣ ዋጋውም በሁለቱም ወገን ባልተቀጠረ ገማች ይተመን፣ ዴቪትና ዲሎን የፈሩት የዋጋ ንረት እንዳይደገም። ተከራዩ ኪራዩን ሳያጓድል ለተወሰነ ዓመት ከከፈለ ያ መዝገብ በቅድመ ክፍያ ፈንታ ይያዝለት፣ ብድሩም ከመንግሥት ይምጣ። ወርሃዊ ክፍያው አሁን ከሚከፍለው ኪራይ አይብለጥ፤ ለዚህ ሲባል ዓመቱ ቢረዝም ይርዘም፣ 68 ዓመት ተኩል የፈረመ ሰው ነበር። ለተከራዩ የሸጠ አከራይ ከትርፉ ላይ የሚከፈለው ግብር ይቀነስለት፤ ጉርሻው እሱ ነው። መግዛት ያልፈለገ ወይም ያልቻለ ተከራይ ሲኖር ደግሞ የአካባቢው ምክር ቤት በተከራዩ ቦታ ይግዛ፣ ገንዘቡም ዓመቱ አጋማሽ ላይ «አለቀ» የማይባል ይሁን። ይህ ሁሉ ከማርች 2026 በፊት የተከራየነውንም ይጨምር።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉኛላችሁ። ዊንደምም ተጠይቆ ነበር፣ ያውም በቦር ጦርነት ማግሥት፣ የለንደን ካዝና በደማበት ጊዜ። ያ ብድር ነበር፣ ከወለድ ጋር የሚመለስ። ይሄም ብድር ነው።

ከመካከላችሁ አንድ ሰው፣ ከየትኛውም ፓርቲ ቢሆን፣ ይህን ጥያቄ በቃል ለቤቶች ሚኒስትሩ እንዲያቀርብልኝ እለምናለሁ፦ በ2023 የተዘጋጀው ተከራይን የሚያስቀድም ረቂቅ የት ደርሷል? ያለ ቅድመ ክፍያ ከሚሰጥ ብድር ጋር ተያይዞ የሚቀርበውስ መቼ ነው? ከመንግሥት ወንበር በኩል የሚጠይቅ ቢገኝ የበለጠ ደስ ይለኛል። የምለቅበት ቀን ገና ስላልደረሰ መልሱን አሁን ባለሁበት አድራሻ መላክ ይቻላል፤ አድራሻዬ ለየቢሯችሁ በላክሁት ቅጂ ላይ አለ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የሰሜን ደብሊን ተከራይ

ግልባጭ፦
ለቤቶች ሚኒስቴር፣
ለደብሊን ከተማ ምክር ቤት የቤቶች ክፍል፣
ለመኖሪያ ኪራይ ቦርድ፣
ለአከራዬ (ሐሳቡን ቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ ዋጋው ከተስማማ ለእኔ ቢሸጥልኝ እንደማይጠላ ነግሮኛል)